ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣው፦ የጣና ዳር ክረምትና የጤና ኬላው ዝግጅት

ጣና ዳር ክረምት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሐምሌን ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ይውላል፣ ጭቃው አያስረግጥም፣ ወንዙ አያሻግርም። በጤና ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ይበልጥ የሚሰጋው መስከረምንና ጥቅምትን ነው፤ አደይ አበባ ፈክቶ፣ ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ክረምቱ ወጣልን» ካለ በኋላ ያለውን ጊዜ። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ክረምት ይዞት የሚመጣው ሕመም ብዙውን ጊዜ ከዝናቡ ኋላ ነው የሚደርሰው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ መቼ ምን ማሰናዳት እንዳለበት ያውቃል። ያልተረዳው በመስከረም አጎበሩን አጣጥፎ ቆጥ ላይ ይሰቅለዋል፤ ወባው ደግሞ ያን ጊዜ ነው የሚበረታው።

በየቀበሌው ያለ ክፍያ የሚያገለግለው ጤና ኬላ ለክረምት የሚያደርገው ዝግጅት በዚህ ስሌት ካልታየ ትርጉሙ አይገባም። ባለሙያዋ በግንቦት ፀሐይ ስለ ጎርፍ ስታወራ ሰው ይገረማል፤ በኅዳር መልሳ ስለ ክረምት ስታነሳም እንዲሁ። ሁለቱም ጊዜ ልክ ናት። ለምን ልክ እንደሆነች ለማየት መነሻው ሐይቁ ራሱ ነው።

ጣና የሚሞላው መቼ ነው?

ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሐይቁ ግን በሐምሌ አይሞላም። መጀመሪያ በበጋ የተሰነጣጠቀው መሬት ይጠጣል፤ መሬቱ ሲጠግብ ውሃው ወደ ጅረት፣ ጅረቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን፣ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆን ተፋሰስ የሰበሰቡትን ይዘው ይገባሉ። ተፈጥሮ ለሐይቁ የሰጠችው መውጫ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው ዓባይ። በብዙ በር ገብቶ በአንድ በር ስለሚወጣ ውሃው ይጠራቀማል፤ የሐይቁ ከፍታ በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ይሆንና ጫፍ የሚደርሰው በመስከረም ነው።

ሌላው ነገር የሐይቁ ቅርጽ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከገንቦ ይልቅ ትሪ ይመስላል፤ ትንሽ ሲጨመርበት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሄዳል። ፎገራና ደምቢያ ደግሞ ሜዳ ናቸው። ርብና ጉማራ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ሐይቁ ሞልቶ ከጠበቃቸው የሚሄዱበት ያጡና ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ በጣና ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለው በትምህርት ቤትና በድንኳን ከረሙ። ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋትም ያው ውሃ ነው። ሕዝቡ ጎርፉን ጠልቶ የሚተወው ነገር አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ይኖራል፣ ያርስበታል። ስለዚህ «ከጎርፍ ቦታ ራቁ» የሚል ምክር እዚህ ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቤቱን፣ ጉድጓዱን፣ መድኃኒቱንና ነፍሰ ጡሯን ማዘጋጀት ነው።

በግንቦት የሚያልቅ ሥራ

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በገጠር አንድ ጤና ኬላ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ይቋቋማል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይመደቡበታል። ከእርሱ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል አለ። ባለሙያዎቹ ከግማሽ ያላነሰ ሥራቸውን የሚሠሩት ኬላው ውስጥ ተቀምጠው ሳይሆን ቤት ለቤት እየዞሩ ነው፤ የክረምት ዝግጅት የሚጠቅመውም በዚህ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን መንደር ከመንደር ይቆራረጣል፤ ዙረቱ አይቻልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እዚህ ላይ «ነፃ» የሚባለው አገልግሎት የቱ እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ባለማወቅ ይጎዳልና። ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋም ክፍያ አይጠየቅባቸውም። በወረርሽኝ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምናም እንዲሁ። በጤና ኬላ የወባ ምርመራና መድኃኒትም ያለ ክፍያ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን፣ ለምሳሌ የተሰበረ እጅን፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ለማሳከም ግን ለካርድና ለመድኃኒት ይከፈላል። ያንን የሚሸፍነው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ውስጥ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት፤ የጣና ዙሪያ ሰው ለመድኑ አዲስ አይደለም። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉት፣ «የድሃ ድሃ» ተብለው ለተለዩት፣ መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

ችግሩ ጊዜው ነው። አዲስ ምዝገባና እድሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው። ያን ጊዜ ሰው ጤነኛ ስለሆነ «ዘንድሮስ ይለፈኝ» ይላል። ነሐሴ ላይ ልጁ ሲታመም ጎተራው ተራቁቷል፣ መድኑም አልታደሰም። እኔ በበኩሌ ለአንድ የገጠር አባወራ ከሚሰጡ የክረምት ምክሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ መሆን አለበት እላለሁ፤ የመድን ደብተሩን በጥር ያሳድስ።

ስለ ጎተራው ካነሳን፣ ረኃቡም የክረምት ሕመም አካል ነው። አሮጌው እህል ያልቃል፣ አዲሱ ገና እሸት ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ሕፃናት የሚከሱበት ነው፤ የከሳ ሕፃን ደግሞ ሌላው በሦስት ቀን የሚድንበት ተቅማጥ ሊገድለው ይችላል። ባለሙያዋ ከ6 እስከ 59 ወር ያለውን ልጅ የክንድ ዙሪያ በቀለማት በተከፈለች ጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ልጁ ለሕይወት የሚያሰጋ የምግብ እጥረት አለበት፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ካለ ወደዚያው እያመራ ነው። ልኬቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሰኔ የተለካ ልጅ በነሐሴ እንደገና ቢለካ መውረዱ ዓይን ሳያየው በፊት ይታወቃል።

ውሃው በዝቶ የሚጠጣ ሲጠፋ

ጎርፍ ከሚያመጣቸው ነገሮች ሁሉ ፈጥኖ የሚገድለው የተበከለ ውሃ ነው። መጸዳጃ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ወደ ምንጩና ወደ ጉድጓድ ውሃው ይፈሳል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ ከዚህ ይነሣል፤ ኮሌራም እንዲሁ። የሚገድለው ጀርሙ ሰውነት ውስጥ የሚያደርሰው ቁስል አይደለም፤ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ትልቅ ሰው በኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ ሊሞት ይችላል። የወጣውን ያህል ከተተካ ግን ይተርፋል። ዝግጅቱ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው በሰኔ እያንዳንዱ ቤት ቢያንስ ጥቂት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ.፣ ማለትም የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ሊኖረው የሚገባው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር አይደለም፣ ምክንያቱም ጨው የበዛበት ብጥብጥ ይባስ ያደርቃል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ከሞላው ይደፋል። ከረጢቱ ካለቀ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይተካዋል፤ ማንኪያው ለጥ ብሎ ይለካ። ሕፃን ካስታወከ አሥር ደቂቃ ታግሦ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ መስጠት ነው። የጡት ወተት አይቋረጥም። ከ6 ወር በላይ ላለ ሕፃን ዚንክ ለ10 ቀን ይሰጠዋል፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሞላል፤ ቀጣዩ እንዳይመጣ የሚያግዘው እሱ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሆዱ ላይ ያለው ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ኦ.አር.ኤሱን እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ውሃን ማከሚያው ብዙ ዓይነት ነው። ማፍላት ሁሌም ይሠራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለኮሌራ ጀርም ከበቂ በላይ ነው፤ ተንፈቅፍቆ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ ይበቃዋል። ግን በክረምት ደረቅ እንጨት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከኬላው ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ክሎሪን፣ ለምሳሌ ውሃ አጋር፣ ይበልጥ ይቀላል። በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ክሎሪን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጉልበቱን የሚጨርሰው ከጭቃው ጋር ሲታገል ነው። የደፈረሰው ውሃ መጀመሪያ አድሮ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል፣ ከዚያ ይታከም። የታከመው ውሃ አፉ በሚከደን ጄሪካን ይቀመጥ፤ ጣሳ እየተነከረ የሚቀዳበት እንስራ ግን በአንድ እጅ እንደገና ይበከላል።

ክረምት የጾመ ፍልሰታም ወቅት ነው። በነሐሴ ብዙ ሰው ወደ ገዳማትና ወደ ጠበል ቦታ ይሄዳል፤ ከሩቅም ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ በሚገኘው በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ምእመን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛምቷል። ይህ ጠበሉን የሚነካ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲያድር መጸዳጃና የሚጠጣ ውሃ ካልተዘጋጀ የትም የሚሆን ነው። ወደ ሱባኤ የሚሄድ ሰው ኦ.አር.ኤስ.፣ ሳሙናና የውሃ ማከሚያ ቢይዝ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከጤና ኬላው ጋር ቀድሞ ቢነጋገርና መጸዳጃ ቢያስቆፍር ብዙ ነፍስ ይተርፋል። አባቶች ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ።

ከሰልና መብረቅ

በሐምሌ ሌሊት ባሕር ዳር እንኳ ይበርዳል። ልብስ አይደርቅም፣ ሕፃን ያስላል። ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ይተኛል። ይህ ከክረምት አደጋዎች ሁሉ ለመከላከል ቀላሉ፣ ሲደርስ ግን ቤተሰብን ባንድ ሌሊት የሚያጠፋው ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» ማለት ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያመነጫል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ በትንሽ መጠንም ብዙ ያፍናል። የተኛ ሰው አይነቃም። የነቃም ቢሆን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ስለሚሰማው ጉንፋን ወይም የበላው ነገር ይመስለዋል። ምልክቱ ይህ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ነገሩ ከሰል ነው። ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣት፣ ራሱን የሳተውን ደግሞ ኦክስጅን ወዳለበት ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣት አይረዳም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ይጎዳል።

ቡና በሚፈላበት ጊዜ በሩ ክፍት ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። አመድ ማልበስ አይበቃም። በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ የከተማዋ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች ከገጠሩ የሣር ቤት ነዋሪ ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ የሣር ክዳን ትንሽ ያስተነፍሳል፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል ግን አያስተነፍስም።

መብረቅን በአጭሩ። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ውስጥ ነን ማለት ነው። በታንኳ ጣና ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ፣ በሩዝ ማሳ መካከል የቆመ አራሚ፣ በነጠላ ዛፍ ሥር የተጠለለ እረኛ ከሁሉ ይበልጥ ይጋለጣሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ወደ ሜዳም ወደ ሐይቅም አለመመለስ ነው። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት አያስፈራም፤ ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ሊያተርፈው ይችላል።

መንገድ ከመዘጋቱ በፊት መሻገር ያለባቸው

ርብ ሲሞላ አምቡላንስ አያልፍም። በየዓመቱ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ በሐምሌ፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም የምትወልድ እናት ስም በግንቦት መመዝገብ አለበት። በጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ የመውለጃ ቀኗ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ ትቆያለች። እናቶች የማይመጡበት ምክንያት አለማወቅ ብቻ አይደለም። የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ላሟን ማን ያልባል? ባልና አማት አብረው ካልተመካከሩ እናቲቱ ብቻዋን ልትወስነው የምትችለው ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ስትመጣ ምክሩ ለእርሷ ብቻ መሰጠት የለበትም። መቆየት ካልተቻለ ደግሞ ምጥ ሲጀምር በወሳንሳ የሚሸከሙት ጎልማሶች እነማን እንደሆኑ በመንደሩ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ምጥ ሌሊት ሲመጣ ሰው ፍለጋ መዞር ሰዓት ይበላል።

መድኃኒታቸው መቋረጥ የሌለበትም እንዲሁ ናቸው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሰኔ ቀጠሮው ላይ «መንገዳችን በክረምት ይዘጋል» ብሎ መናገር አለበት። ሕመሙ ለተረጋጋለት የኤች አይ ቪ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር አለ። በቅርብ ዓመታት በፀጥታ ችግር መንገድ ድንገት ሲዘጋም ብዙ ታካሚ እንደተቸገረ እናውቃለን፤ መጠባበቂያ መያዝ ለዚያም ይጠቅማል። መድኃኒቱና የመድን ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጎርፍ እባብንም ከጉድጓዱ ያስወጣል፤ የተነደፈውን እግር መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር ይበልጥ ይጎዳል፤ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ተደግፎ፣ ሰውዬው በሸክም ይወሰድ።

ወባ ለምን በመስከረም?

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የወባ ትንኝ የምትራባው በወንዝ ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ የቆመ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ በተወው ጉድጓድ፣ ጭቃ ለጡብ በተቆፈረበት፣ በሩዝ ማሳ፣ ሐይቁ እየሸሸ በሚተወው ባሕር ሸሽ መሬት ዳር። በሐምሌና በነሐሴ ኃይለኛ ዝናብ እጮቹን ጠርጎ ይወስዳቸዋል፤ ብርዱም እድገታቸውን ያዘገያል። ዝናቡ ሲሳሳና ፀሐይ ስትወጣ ግን ኩሬዎቹ በየቦታው ይቀራሉ። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ትንኟ የታመመ ሰው ከነከሰች በኋላ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ በስሎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አሥር ቀን፣ ቀዝቀዝ ባለ አገር ከዚያም በላይ ይጠይቃል። የተነከሰውም ሰው ትኩሳት የሚጀምረው ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እነዚህ ሲደማመሩ የነሐሴ ኩሬ የመስከረምና የጥቅምት ታማሚ ይሆናል። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ገበሬው አጨዳ ላይ ባለበት፣ አንድ ሳምንት መተኛት የዓመት እንጀራ በሚያሳጣበት ጊዜ።

አጎበሩ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ በሚገባ ከተያዘ ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል። በቀላል ሳሙና ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ያደክመዋል። ጣና ዳር አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ፣ ለጭድ ማሰሪያ፣ ለችግኝ ማጠሪያ ሲውል ይታያል። ሰው ይህን የሚያደርገው ችግር ስላለበት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የዓሣ ጫጩቱን ሁሉ ይጠርጋል፤ ቤተሰቡም ዓሣውንም ጤናውንም ያጣል። ያረጀ አጎበር ከዓሣ ማጥመድ በቀር ለሌላ ሥራ ይዋል፤ አዲሱ ግን አልጋ ላይ ይሰቀል።

የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭት ላይ አንድ የአገራችን ልማድ ከባድ እንቅፋት ይሆናል። ኬሚካሉ የሚረጨው ግድግዳ ላይ ነው፤ ትንኟ ደም ጠጥታ ስታርፍበት ትሞታለች፤ ለወራትም ይቆያል። እኛ ደግሞ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤት እንለቀልቃለን። በሐምሌ የተረጨ ግድግዳ በጳጉሜን በእበትና በጭቃ ተለቀለቀ ማለት ኬሚካሉ ልክ በሚያስፈልግበት ወር ተቀበረ ማለት ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ «እማማ፣ ቤቱን መቼ ነው የሚለቀልቁት?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ልጄ፣ እንቁጣጣሽ ቤት ሳይለቀለቅማ እንዴት ይሆናል!» ይህን በዓል አክባሪነት መቃወም አያስፈልግም። ልቅለቃው ከርጭቱ በፊት፣ በሰኔ ይሁን፤ ለበዓሉ ደግሞ ወለሉና የውጩ ግድግዳ ይታደስ። ረጪዎቹ የሚመጡበትን ሳምንት ቀበሌው ቀድሞ ካሳወቀ እናቶች ያደርጉታል።

ትኩሳት ሲመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ኬላው መሄድ ነው። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ይታወቃል። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ለሦስት ቀን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምግብ በልቶ ይወስዳል። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ለወንድሙ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ለሁለቱም አይሆንም። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ለእርሱ የሚሰጠው ተጨማሪ መድኃኒት ቀኑ ረዘም ይላል፤ ይህም ይጨረስ።

ከቆላ የሚመለሱት

የዝግጅቱ መጨረሻ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በክረምት ብዙ ወጣት ከጣና ዙሪያ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያድራል፣ በግራር ሥር ይተኛል። እዚያ ወባ ብቻ አይደለም ያለው፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛርም አለ። ካላዛር ከተነደፉ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው፤ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ ጎን በኩል የሚያብጥ ጣፊያ። ካልታከመ ይገድላል።

በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የሆነው ይህ ነበር። ቆላ ያልወረዱ ሰዎች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ትኩሳት እያሰቃያቸው ሲሞቱ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሑመራ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የወባ መድኃኒት ጨርሶም ካልተሻለው፣ ለጤና ባለሙያዋ የት ሲሠራ እንደከረመ ይንገራት። እርሷም ሳትጠይቅ እንዳታሰናብተው፤ የካላዛር ምርመራ ወዳለበት ተቋም የምትልከው በዚህ መልስ ተመርታ ነውና።